ከመስመሯ የቀረች ማስታወሻ

ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

የግንባታ ዕቅድ አውጪዋ ራሽሚላ ማናንዳር ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ የኮምፒውተሩን ስክሪን በጣቷ ነካች። ጣቷ ያረፈው ቢጫዋ ማስታወሻ ላይ ነው። «የቤተ ሙከራ ውጤት ሳይመጣ ፑንቴሎ እንዳይነሳ» ትላለች። ፑንቴሎ አርማታው እስኪጠነክር ከሥር የሚደግፈው የብረት ምሰሶ ነው። ቃሉን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ቃሉ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ ያለው ቦታው ላይ ነው። ማስታወሻዋ የተቀመጠችው በደረጃው ሥራ ላይ ነው። መቀመጥ የነበረባት አንድ ረድፍ ዝቅ ብላ፣ በሦስተኛው ሶሌታ፣ በሦስተኛው የአርማታ ወለል፣ ሥራ ላይ ነበር።

ረድፎቹን ከላይ ወደ ታች ቆጠረቻቸው። ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ያው ነው።

በዕቅድ ፕሮግራሙ ላይ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ረድፍ አለው፤ በረድፉም ላይ እንደ ሥራው ጊዜ የሚረዝምና የሚያጥር ሰማያዊ መስመር ይዘረጋል። ማስታወሻ ለመጻፍ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሥራው ጋር ማሰር ነው፤ ሥራው ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ሲታተም ግን ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ የሚያየው የለም። ሁለተኛው ቻርቱ ላይ ሳጥን ስሎ ውስጡ መጻፍ ነው። ይሄኛው ትልቅ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ከሩቅ ይነበባል፤ ነገር ግን ከምንም ጋር አልታሰረም። ራሽሚላ ሁልጊዜ የምትመርጠው ሁለተኛውን ነበር። ባለፈው እሑድ፣ አናጢዎቹ ለቻሃት በዓል ወደ አገራቸው ወደ ራውታሃት ሊሄዱ ስለሆነ፣ «የበዓል ዕረፍት» የሚል አዲስ ረድፍ ከመሐል አስገባች። ከእሱ በታች ያለው ሥራ ሁሉ አንድ ረድፍ ዝቅ አለ። ቢጫዋ ሳጥን ግን ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም። ራሽሚላ ይህን ልብ ሳትል አሳተመችው፤ ወረቀቱም ሳትዶባቶ ወዳለው ሳይት ሄዶ ከቆርቆሮው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

እዚያ ደግሞ የሥራ ቀኑን የሚያነብ የለም። የሚነበበው ቢጫው ነው። ይህን ያስተማረቻቸውም እሷ ናት። «ቢጫ ያለበትን አትንኩ፤ ቢጫ የሌለበትን ተራው ሲደርስ ሥሩ» ብላ። ዓመቱን ሙሉ ያለ እንከን ሠርቷል። ሥራ አስኪያጁ ፓዳም ባስኔት ሳይቀር በባለንብረቱ ፊት አመስግኗት ነበር።

አናጢዎቹ ከበዓል የተመለሱት ዛሬ ነው። የሦስተኛው ሶሌታ ተራም ዛሬ ነው።

«ሱክዴብ ዳይ፣ እባክዎ ያንሱት» አለች፤ ስልኩ ግን ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። «ዳይ»፣ ታላቅ ወንድም፣ እያለች የምትጠራው ፎርማኑ ሱክዴብ ማሃቶ ሥራ ሲጀምር ስልኩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ትቶ፣ ኮቱን ቢሮው በር ላይ ሰቅሎ እንደሚወጣ ታውቃለች። ከዚህ በፊት ስልክ ከፎቅ ወድቆበታል።

የስኩተሯን ሄልሜት ይዛ እየሮጠች ወረደች። ደረጃው ላይ እንዳለች ለፓዳም ደወለች።

«ስብሰባ ላይ ነኝ፤ በአጭሩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰር፣ የሦስተኛው ሶሌታ ፑንቴሎ እየተነሳ ይመስለኛል።»

«ምን? ማን አዘዘ?»

«እኔ። ሳላውቅ። ማስታወሻው ቦታውን ስቷል። ቻርቱ ላይ የተቀመጠው ደረጃው ላይ ነው።»

ወንበር ሲንቋቋ፣ በር ሲከፈት ሰማች።

«ሱክዴብ ጋ ደውይ።»

«አያነሳም።»

«እና ከእኔ ጋር ምን ታወሪያለሽ? ሩጪ!»

የቀለበት መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ራሽሚላ በአውቶቡሶችና በታክሲዎች መካከል እየተሽሎከለከች ነዳች። ጧት ከተራራው የወረደው ብርድ ገና አልለቀቀም፤ የያዘችው መሪ እጇን ያቃጥላል። እሷ ግን የምታስበው ስለ አርማታው ነበር። ሦስተኛው ሶሌታ የተሞላው በቲሃር በዓል ዋዜማ፣ በካፊያ ውስጥ ነው። አርማታ ጫኞቹ መኪኖች መንገድ ላይ ቆመው ስለዋሉ ሾፌሮቹ እንዳይደርቅባቸው ውሃ ጨምረውበት ነበር። ከዚያ የተወሰደው ናሙና ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲጨመቅ ሊሸከመው ከሚገባው ክብደት በታች ተሰበረ። የስትራክቸር መሐንዲሱ ሁለተኛው ናሙና እስኪታይ አንድ ፑንቴሎ እንኳ እንዳይነሳ አዘዘ። ራሽሚላም ማስታወሻውን ጻፈች። ነገሩ እዚያው አለቀ ብላ ነበር የምታስበው።

ሳይቱ ካለበት መታጠፊያ ሳትደርስ፣ ከቤቶቹ በላይ ግራጫ አቧራ ሲነሳ አየች።

ፍሬኑን ጨበጠች። ስኩተሩ ከሥሯ ተንሸራተተ፤ እግሯን ባታቆም ትወድቅ ነበር። ከኋላዋ ያለው የሚኒባስ ሾፌር ጥሩምባውን አንባረቀ። «እህቴ፣ መተኛት ከፈለግሽ ቤትሽ ሂጂ!» አለ በመስኮት። አልሰማችውም። ጆሮዋ የሚጠብቀው ጩኸት ነበር፤ የሴቶች ጩኸት፣ የሚሮጥ ሰው ኮቴ። የተሰማት ግን የጡብ መራገፍ ድምፅ ነው። መታጠፊያው ላይ አንድ የጭነት መኪና ጡቡን መንገድ ላይ ይደፋል፤ አቧራው የእሱ ነበር። ሕንፃው ከጀርባው ቆሟል።

ስኩተሩን መሬት ላይ ለቀቀችውና ወደ ላይ ሮጠች። የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። እየሮጠች የምትወጣበት ደረጃ ከሥሩ ፑንቴሎዎቹ ሙሉ በሙሉ እንደቆሙ ነው፤ አንዱም አልተነካም። ደረጃው ከተሞላ ቆይቷል፤ ጠንክሮ ዝሆን ይሸከማል።

«ቁሙ! መዶሻ እንዳይመታ! ሁላችሁም ቁሙ!»

አናጢዎቹ ዞር አሉ። ከጭንቅላታቸው በላይ ያለው ሦስተኛው ሶሌታ ነው፤ በመንገዱ በኩል ያሉት ፑንቴሎዎች ቆመዋል፤ በሰፈሩ በኩል ያሉት ግን ረድፍ ረድፋቸውን ወርደው ግድግዳው ሥር በሥርዓት ተደርድረዋል። ካሳፎርማው፣ አርማታው የተሞላበት የጣውላ ቅርጽ፣ ተነቅሎ የሶሌታው እርቃን ሆድ ይታያል። ሱክዴብ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ በፈገግታ ተጠጋት። በዕድሜ አባቷ ሊሆን ይችላል።

«ምነው ማዳም፣ ነብር ነው የሚያባርርዎት? ይረጋጉ እስቲ። ባለቤቴ የበዓሉን ብስኩት፣ ቴኩዋ፣ ጋግራ ልካልዎታለች፤ ደርቆ ድንጋይ ቢሆንም።»

«ሱክዴብ ዳይ፣ ሰዎቹን ወደ ደረጃው ያውጡልኝ። አሁን። ቀስ ብለው።»

ፈገግታው ጠፋ። እጁን አወዛወዘ፤ ሰዎቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ ወደ ደረጃው ሄዱ።

«ደረጃውን አልነካንም» አለ ወዲያው። «ቢጫ አለበት። ልጆቹ ይነሳ ሲሉኝ እኔ ነኝ የከለከልኳቸው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ምን አጠፋን?»

ራሽሚላ ከቆሙት ፑንቴሎዎች ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደች። አንዱ ሥር መዶሻ ወድቋል፤ የፑንቴሎው ጥርስ በምት ብዛት አብረቅርቋል።

«ይሄ ምን ሆነ?»

«እሱ እምቢ ብሎናል። ሌሎቹ በአንድ ሁለት ምት ይላቀቃሉ፤ ይሄኛው ሲመቱት እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። እልኸኛ ነው አልኩና ዘይት ላመጣለት ነበር።»

ራሽሚላ እጇን ፑንቴሎው ላይ አደረገች። ብረቱ ቀዝቃዛና ውጥር ነበር። ያልተጫነበት ፑንቴሎ ሲመቱት የደነዘዘ ድምፅ ያሰማል፤ የተጫነበት ነው የሚጮኸው። ይህ ብረት የጎደሉትን ሁሉ ሸክም ብቻውን ተሸክሟል። ዘይት ቢደረግበት ኖሮ ይላቀቅ ነበር።

ቀና አለች። ከፑንቴሎው ራስ ተነስቶ ወደ ሰፈሩ በኩል የሚሄድ ስንጥቅ አየች፤ ፀጉር ያህል ቀጭን ነው። ከኪሷ እርሳስ አወጣችና ባዶ ባልዲ ገልብጣ ወጣችበት። ስንጥቁ ከሚያልቅበት ላይ አጭር መስመር አሰመረች። ወርዳ ጥቂት ጠበቀች። ከላይ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ በንኖ የሄልሜቷ ጫፍ ላይ አረፈ።

ስንጥቁ የእርሳሱን ምልክት አልፎ ሄዶ ነበር።

«ሄ ቻቲ ማያ» አለ ሱክዴብ በለሆሳስ፤ በዓሉ የሚከበርላትን እናት አምላክ ጠርቶ።

የሶሌታው ጫፍ ከሕንፃው ወጥቶ የጎረቤቱን ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ ይሸፍናል። ራሽሚላ ወደ ታች ሮጠች። ቤቱ ሰፈሩ «ዲዲ»፣ ታላቅ እህት፣ እያለ የሚጠራት የልብስ ሰፊዋ የሳቢትሪ ነው፤ የስፌት መኪናዋ እየተንቀጨቀጨ ነበር።

«ሳቢትሪ ዲዲ፣ አሁኑኑ ከቤት ይውጡ።»

«ደግሞ ዛሬ ምን ልትደፉብኝ ነው?» አለች ሳቢትሪ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ። «ባለፈው ሲሚንቶ ነበር፤ ከዚያ በፊት የሠራተኛ ጫማ። የጫማው ባለቤት እስከ ዛሬ ይቅርታ አላለኝም።»

«ዲዲ፣ ቀልድ አይደለም። ላይ ያለው ሶሌታ ሊወርድ ይችላል።»

መኪናው ቆመ። ሳቢትሪ የያዘችውን ቀይ ቀሚስ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«ወሩ የሠርግ ነው። የሙሽሮች ልብስ አለብኝ እኮ» አለች፤ ድምፏ ግን ቅድም የነበረው አልነበረም።

«ልብሱን ይተዉት። ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

ሳቢትሪ ወደ ጣሪያው አየች። «አማቴ፣ የባሌ አባት። ዳሌያቸው ተሰብሮ ላይ ተኝተዋል። ደረጃው መሰላል ነው በይው። ለሐኪም ስናወርዳቸው ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል፤ ሲነኳቸው ይጮኻሉ።»

«ሰው ጥሪ። ያለውን ጎረቤት ሁሉ። ቢጮኹም አውርዷቸው» አለች ራሽሚላ። አክብሮቱ ከአፏ መጥፋቱን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጋ ደወለች፤ እንመጣለን አሉ፤ ከየት እንደሚመጡ ሲነግሯት ግን መንገዱን አሰበችና ተስፋዋን ቀነሰች። ስለ ስንጥቁና ስለ ሽማግሌው ለፓዳም መልእክት ላከች።

ተመልሳ እየወጣች ሳለ ፓዳም ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ መኪና ውስጥ ነው።

«መሐንዲሱን አግኝቼዋለሁ። ፑንቴሎዎቹ ይመለሱ ነው የሚለው። ከቆመው ረድፍ ተነስቶ ወደ ውጭ፣ አንድ በአንድ። ቶሎ ከተመለሱ ሊይዝ ይችላል።»

«ሊይዝ ይችላል ነው ያለው? ወይስ ይይዛል?»

«ራሽሚላ፣ እሱም አላየውም፤ እኔም አላየሁትም። ሽማግሌው ወርደዋል?»

«ገና። ጎረቤቶቹ እየተሰበሰቡ ነው።»

«ስለዚህ አሁኑኑ አስገቢያቸው። አንድ ነገር ስሚኝ።» ፓዳም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሰዎቹ ስለ ናሙናው አትንገሪ። መሐንዲሱ ሐሳቡን ቀይሮ ነው በይ፤ መልሱት በይ፤ በቃ። ከነገርሻቸው ይሸሻሉ፤ ማን ይሸከመዋል? እኔና አንቺ? ሽማግሌው ላይ ይወርዳል። ይህን ትፈልጊያለሽ?»

ራሽሚላ ወደ ላይ፣ ወደ ሰዎቹ ተመለከተች።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ ሰር።»

ስልኩን ዘጋችና ደረጃው ላይ ቆመች። ፓዳም የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ይህ ነው ያስፈራት። ከነገረቻቸው ሊሄዱ ይችላሉ። ከሄዱ፣ ታች ገና ያልወረዱት ሽማግሌ አሉ። ካልነገረቻቸው ደግሞ ይገባሉ። ይገባሉ፤ ምክንያቱም እሷ ያለችውን አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። ዛሬ ጧትም አልተጠራጠሩም።

አናጢዎቹ ደረጃው ላይ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። አንዱ ከበዓሉ የተረፈ ሸንኮራ ያኝካል። ስታያቸው ማኘኩን አቆመ።

«አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው» አለች። «ይህ ሶሌታ ደካማ ነው። ስትሞሉት አርማታው ውሃ በዝቶበት ነበር፤ ናሙናው ቤተ ሙከራ ውስጥ ተሰብሯል። ፑንቴሎ እንዳይነሳ ተብሎ ነበር። ማስታወሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደረጃው ላይ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ፤ እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም። አሁን ፑንቴሎዎቹን መመለስ አለብን። ታች ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ የማይችሉ ሽማግሌ አሉ። ስንመልስ ሊይዝ ይችላል። ላይይዝም ይችላል።»

ከታች የጎረቤቶቹ ድምፅ ይሰማል፤ «እግራቸውን ያዝ፣ እግራቸውን!» ይላል አንዱ፤ ሽማግሌው ይጮኻሉ።

ሸንኮራ ሲያኝክ የነበረው ሰውዬ ተነሳ። «እኔ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ» አለ፤ ማንንም ሳያይ። ጓንቱን አውልቆ ደረጃው ጫፍ ላይ አደረገና ወረደ። ሌላም ተከተለው። ሱክዴብ አልጠራቸውም፤ አልወቀሳቸውም።

ራሽሚላ የቀሩትን ልትቆጥር አልደፈረችም።

«ማዳም» አለ ሱክዴብ። «ይይዛል ብለው ያምናሉ?»

«አላውቅም ዳይ። ከቆመው ረድፍ አጠገብ ከጀመርን፣ የመጀመሪያዎቹ ከገቡ፣ ለቀጣዮቹ የተሻለ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ናቸው ክፉዎቹ።»

«የመጀመሪያዎቹ» አለ ሱክዴብ፤ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው። ወደ ሶሌታው ሆድ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እሷ። የቁጣ ፊት አልነበረም፤ የሚጠይቀው መልሱን ለማወቅ ነው። «ከቢሮ የሚመጡት ሁሉ እዚህ ደረጃ ላይ ቆመው ነው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ የሚሉን። ከዚህ ሁሉም ነገር ደህና አድርጎ ይታያል። እርስዎስ የት ይቆማሉ?»

ራሽሚላ እንደ እውነቱ ከሆነ ልትቆም ያሰበችው እዚያው ነበር። ስንጥቁን ማየት አለባት፤ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ማየትና መጮህ አለበት። ምክንያቱ ጥሩ ምክንያት ነው፤ መሐንዲስም ቢጠየቅ ይስማማበታል። ልትናገረው አፏን ከፈተች። የአናጢዎቹ ዓይን እሷ ላይ ነበር፤ አንዳቸውም ገና እግሩን አላነሳም።

እርሳሱን ከኪሷ አወጣችና አጠገቧ ለቆመው አናጢ ሰጠችው።

«አንተ እዚህ ቁም። ያን ምልክት እይ። ስንጥቁ ከሰፋ፣ አቧራው ከበዛ፣ ስም ሳትጠራ ዝም ብለህ ጩህ» አለችው።

የሄልሜቷን ማሰሪያ አገጯ ሥር አጠበቀች። ከደረጃው ወርዳ፣ ከቆሙት ፑንቴሎዎች ረድፍ አልፋ፣ ግድግዳው ሥር የተደረደሩት ጋ ደረሰች። ከላይ ያለውን ሶሌታ ምንም ያልያዘበት ቦታ ነው። ከኋላዋ የሱክዴብን ኮቴ ሰማች፤ ከእሱም ኋላ የሌሎችን።

ከተደረደሩት የላይኛውን ፑንቴሎ ልታነሳ ሞከረች። ካሰበችው በላይ ይከብዳል።

«የቱን ጫፍ ልያዝ?» አለች።